የሁስና ወገብና የእኔ እጅ

እኔ ወለላ ቁጡ ነኝ። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ይነግራችኋል፤ ስለዚህ ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። ምጥ የያዛት ሴት ስትጮህብኝ እኔም መልሼ እጮህባት ነበር። ባሏ በር ላይ ሲንቆራጠጥ «አትገተር፣ ሂድና ውሃ አምጣ» እለው ነበር። ማንም አልተቀየመኝም። ልጁ ሲወጣ ሁሉም ይረሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስል ኖሬ ስንት ልጅ እንደተቀበልኩ አላውቅም። ገበያ ስወጣ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ሁሉ «እማማ» እያለ ጉንጬን ሲስመኝ የየትኛዋ ልጅ እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር።

ከዚያ ቀረ። አንድ ቀን የልምድ አዋላጆች ሁሉ ቀበሌ ተጠራን፤ አምስት ነበርን። አንዲት ለግላጋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፊታችን ቆማ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ መውለድ እንደቀረ፣ እኛም እርጉዝ ስናይ ጤና ጣቢያ ማድረስ እንጂ ማዋለድ እንደሌለብን ነገረችን። እሷን ራሷን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ይህን እንዳልናገር ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። እውነቱን ከተናገርን ግን ልጅቷ አልተሳሳተችም። ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ የሞተችብኝ አንዲት ሴት አለች፤ ደሟ አልቆም ብሎ፣ መኪና ጠፍቶ፣ ጭኔ ላይ። ሐኪም ቤት ብትሆን ትተርፍ ነበር። ስለዚህ እጄን አውጥቼ ተስማማሁ።

የጎዳኝ ከማዋለዱ ጋር ሌላውም አብሮ መሄዱ ነው። ድሮ እርጉዞቹ ወገባቸውን ሲያማቸው፣ ጎናቸውን ሲወጋቸው የሚመጡት እኔ ዘንድ ነበር። በለጋ ቅቤ አሻቸዋለሁ፣ መቀነት አስራለሁ፣ እንዲህ ተኚ፣ እንዲያ ተነሺ እላለሁ። ይህን ማንም አልከለከለንም፤ ሴቶቹ ግን ፈሩ መሰለኝ አንድ በአንድ ቀሩ። መንገድ ላይ «እማማ ደህና ነሽ» ብለውኝ ያልፋሉ። ባሌ አስረስ ከሞተ ቆይቷል። ልጄ ማሻ አግብታ ሄዳለች፤ እሁድ እሁድ ትደውልና ትንሽ አውርታ «በይ፣ ካርዱ እንዳያልቅ» ትለኛለች። ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ሰው ሳይነካኝ፣ እኔም ሰው ሳልነካ የማልፈው ሳምንት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ያሳፍራል።

ሁስናና ባሏ አሚኑ ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራዩት በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ክረምት ላይ ነው። ሁለቱም የአጋሮ ልጆች ናቸው። አሚኑ ለአንድ ነጋዴ ከገበሬ ቡና ይሰበስባል። ግቢው በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ክፍል ነው፤ ሦስተኛው የአከራያችን ዕቃ የተቆለፈበት ስለሆነ የምንኖረው እኛ ብቻ ነን። ዓመቱ ተለውጦ መስከረም ሲጋመስ አሚኑ ወደ ማጂ ወጣ። ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ እዚያው ሊከርም ነው። የማጂ መንገድ ዝናብ ሲመታው መኪና ይውጣል፤ ኔትወርኩም ደስ ሲለው ነው የሚሠራው። ሁስና ብቻዋን ቀረች።

እርጉዝ መሆኗን የሸፈነችው በሰፊ ልብስ ነበር። አልፈርድባትም፣ ዓይን ይፈራል። ግን ከእኔ ይደበቃል እንዴ? ጥቅምት ሲገባ አካሄዷ ተለወጠ። ባልዲ ስታነሳ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። በራፋችን ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ ስትወጣ አንዱን እግር ታስቀድምና ሌላውን ትጎትታለች። ሶላቷን በርጩማ ላይ ተቀምጣ መስገድ ጀመረች። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ የምታሰማውን ድምፅ እሰማለሁ። ወገቧ ብቻ አይደለም፣ ዳሌዋም ነው፤ ልጁ ሲከብድ መገጣጠሚያው ይላላል። አምስት ወር ገብታለች፣ ገና አራት ወር ይቀራታል፤ እንዲህ ሆና እንዴት ልትደርስ ነው እያልኩ ብቻዬን አስብ ነበር።

ትጠይቀኝ ብዬ ጠበቅኩ። ልክ ነው፣ ሄጄ ማንኳኳት እችል ነበር። ግን እኔ ወለላ ነኝ፣ ሰው ይመጣልኛል እንጂ አልሄድም። ስለዚህ የቅቤ ቆርቆሮዬን ይዤ በሬ ላይ እቀመጥ ጀመር፤ ሻጭ ነው የምመስለው። ስታልፍ «እንዴት አደሩ» ትለኝና አንገቷን ደፍታ ትገባለች። ተናደድኩ። ድስት አንኳኳሁ፣ በር ወረወርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷ በዚያ ወገን ስታቃስት፣ እኔ በዚህ ወገን ስቆጣ ከረምን።

አንድ ሐሙስ ተነስታ ወጣች፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ከክፍሏ ዷ፣ ዷ የሚል ድምፅ መጣ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሚስማር እየመታች መሰለኝና ቤቱን በላያችን ልታፈርሺው ነው ወይ ልላት ሳላንኳኳ ዘው አልኩ።

ሁስና ጀርባዋን ለጓሮው በር መዝጊያ ሰጥታ ቀሚሷን እስከ ጎኗ ሰብስባ ይዛለች። መዝጊያው ላይ ሰማያዊ ነገር ተለጥፏል፤ ፕላስተር ነው፣ ማጣበቂያው ወደ ውጭ ዞሯል። እየተንደረደረች በወገቧ ትመታዋለች። ጀርባዋ ላይ እንዲያርፍላት መሆኑ ነው። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ተጣብቋል፣ ሌላው ተጠቅልሎ መሬት ወድቋል። አንድ ወረቀትም ወድቋል፣ ጎንበስ ብላ ልታነሳው ግን አልቻለችም። ስታየኝ ቀሚሷን እንኳን አላወረደችም።

ምን እያደረገች እንደሆነ በቁጣ ጠየቅኳት። እየተቆራረጠች ነገረችኝ። ሆስፒታል ሄዳ ነበር። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ኢሳይያስ የሚባል ወጣት ሐኪም አገኛት፤ የወገብና የዳሌ ሕመም ላለባት እርጉዝ የሚረዳ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ፕላስተር አለ አላት። ሊለጥፍላት ሲል ግን ለወንድ ወገቧን መግለጥ ከበዳት። በዕለቱ ሴት ሠራተኛ አልነበረም። ልጁ አልተቆጣም፤ ትራስ ላይ እየለጠፈ አሳያት፣ ወረቀት ላይ ሣለላት፣ ቆራርጦም ከነጥቅሉ ሰጣት።

«እቤት የሚለጥፍልሽ ሰው አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለች። «አለኝ አልኩት።»

ይህን ብላ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። አፌ ላይ የመጣው ግን ቁጣ ነው። ከጎንሽ ሰው ተቀምጦ በር ታቅፊያለሽ ወይ፣ ግድግዳውን ብታንኳኪ እጅሽ ይሰበራል ወይ አልኳት። ሠፈር ውስጥ «አሮጊቷ ቁጡ ናትና አትቅረቢያት» ብለዋት ኖሯል። እና እበላሻለሁ ወይ ስላት በእንባዋ መሀል ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ መቼ እንደዚያ እንደሳቅኩ አላስታውስም።

ወረቀቱን አነሳሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሥዕል ግን ይገባኛል። ሁለት መስመር ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ መስመር ከታች ወገቧን አቋርጦ ያልፋል። በቃ? ይህማ ቀላል ነው አልኩ። ቀላል ነው ብዬ ግን የሠላሳ ዓመት ልማዴ መጣብኝ። እርጉዝ ወገብ ፊቴ ሲዞር እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቅቤ ነው። በጎኗ አስተኝቼ ደህና አድርጌ አሸኋት። ሁስና እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግኩና ፕላስተሩን በሥዕሉ መሠረት ለጠፍኩ። ኮርቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሁስና ፕላስተሩን በመዳፏ ይዛ ቆማለች፤ ሙልጭ ብሎ ተላቆ አልጋዋ ላይ ነው ያደረው። እኔ ፕላስተሩን ረገምኩት። ይኼ የላስቲክ ቁራጭ፣ ዱሮ በምን ኖርን፣ መቀነት ምን ጎደለው እያልኩ ብዙ ለፈለፍኩ። እሷ እስክጨርስ ሰማችኝና ሄደን እንጠይቅ አለችኝ። እንጠይቅ ነው ያለችው። ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኳት።

ኢሳይያስ መጋረጃ ስቦልን ከወዲያ ማዶ ቆመ። እንዴት በአንድ ሌሊት ሊላቀቅ እንደቻለ ጠየቀ።

«ላብ ነው ዶክተር፣ በጣም አላበኝ» አለች ሁስና።

እኔን አላየችኝም። ከተዋወቅን አንድ ቀናችን ነው፣ እሷ ግን ለእኔ ዋሸችልኝ። ይህን የሚያህል ሆስፒታል ውስጥ አሮጊት እንዳታፍር ብላ። እንዴት ብዬ ዝም ልበል?

«ቅቤ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የቀባኋት።»

ኢሳይያስ ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ማሸቱ ጥሩ እንደሆነ፣ ፕላስተሩ ግን ቅባት ካለ እንደማይዝ፣ ቆዳው በሳሙና ታጥቦ በደንብ መድረቅ እንዳለበት ነገረኝ። ከዚያ እጄን ታጥቤ እሱ ከወዲያ እየተናገረ እኔ እንድለጥፍ አደረገ። ሁስና ቆማ አልጋው ላይ በክርኗ ተደግፋ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። የፕላስተሩን ማዕዘን ልብስ እንዳይዘው በመቀስ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ። አውራ ጣቴ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ከመቀመጫዋ በላይ ያሉት ሁለቱ ስርጉዶች ላይ ነው አልኩት። ልክ ነው አለ። መሀሉን ትንሽ ብቻ ሳቢው፣ ጫፍና ጫፉን ግን ጨርሶ እንዳትስቢው፣ እንዲሁ አሳርፊው አለኝ፤ የተሳበ ጫፍ ቶሎ ይነሳል። ለጥፌ ስጨርስ እስኪሞቅ በመዳፌ አሸሁት። ከዚያ ትሂድ እስቲ አለ።

ሁስና ከመጋረጃው ወጥታ ክፍሉን ዳር እስከ ዳር ሄደች። እግሯን አልጎተተችም። ዘወር ብላ ስታየኝ ፊቷ ላይ የነበረው መጨማደድ ለቀቅ ብሏል።

«እጅዎ ያውቃል፣ እማማ» አለኝ ኢሳይያስ።

ነጭ የለበሰ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ፕላስተሩ ሕመሙን ያቀልላታል እንጂ እንደማያድናት፣ ባልዲ እንዳታነሳ፣ በጎኗ ስትተኛ በጉልበቶቿ መሀል ትራስ እንድታደርግ፣ ክትትሏንም እንዳታቋርጥ መከረን። ሦስት አራት ቀን ይቆያል፣ ጫፉ ካልተነሳ እስከ ሳምንት አትንኩት አለን። ሲነሳም በዘይት አርሶ ቀስ ብሎ ነው እንጂ አይነጭም። ቆዳዋ ከቀላ ወይ ካሳከካት ግን ወዲያው ይውጣ አለ። ሁሉንም በልቤ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ በአራት በአራት ቀን ተከፈለ። አንዱ ቀን አሮጌውን የማነሳበት ነው፣ ሌላው ቆዳዋ የሚያርፍበት፣ ከዚያ ሳሙናና ፎጣ ይዤ የምገባበት። ስለጥፍላት ታወራኛለች። ስለ አጋሮ፣ ስለ እናቷ፣ አሚኑ ሲያገባት ስለነበረበት ድንጋጤ። ፊት ለፊት ተቀምጠን እንደዚያ አታወራም፤ ጀርባዋን ስትሰጠኝ ነው አፏ የሚፈታው። አንድ ቀን «እርስዎ» ማለቷን ትታ «አንቺ» አለችኝ፣ እሷም አላወቀችው። እኔ አወቅኩት። ሥራ ከሌለኝም ግድግዳውን አንኳኳና «ተቀመጥሽ ወይስ ቆመሻል?» እላታለሁ። «ተቀመጥኩ፣ እማማ» ትለኛለች። እየዋሸች መሆኗን ከድስቱ ድምፅ አውቃለሁ፤ ተነስቼ ሄጄ እቆጣታለሁ።

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ሆዷ ወጣ፣ ሕመሟ ግን ቀለለ። አንዳንድ ቀን እንደ ድሮው ወገቧን ሳትይዝ ስትራመድ አያታለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ደስም ብሎኛል። ግን ደግሞ አንድ ክፉ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። «እማማ ዛሬ ደህና ነው፣ ይቆይ» ማለት አበዛች። ፕላስተሩ አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን ይቆያል። እነዚያን ቀናት እኔ ምን ላድርግባቸው? ፀሎቴ ላይ ሁስናን አሽራት እላለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ቶሎ አይሁን የሚል ነገር ሲመጣብኝ ይሰማኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እና አደረግኩት። ለጥፌ ሦስተኛው ቀን ነው። የደወለልኝ የለም፣ ከሰው ቃል ሳልለዋወጥ ውዬ ነበር። ሳሙናና ፎጣዬን ይዤ ገባሁ። ገና ነው እኮ እማማ አለችኝ። ጫፉ ተነስቷል አልኳት። አልተነሳም ነበር። ጫፍና ጫፉ ተጣብቆ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንዳታየኝ ስለተቻኮልኩ ዘይቱንም ረሳሁትና ነጨሁት። ሁስና እጥፍ አለች። ቆዳዋ ቀልቶ በማግስቱ ውሃ ቋጠረ።

አሥር ቀን ምንም ሊለጠፍባት አልቻለም። ሕመሙ ተመለሰባት። እንደገና እግሯን መጎተት ጀመረች፣ ከበርጩማ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ትሞክራለች። ውሃዋን ቀዳሁ፣ ምግቧን ሠራሁ፣ ልብሷን አጠብኩ። ስታመሰግነኝ የምገባበት አጣሁ። ቆዳዬ ስስ ሆኖ ነው እማማ አለችኝ። እኔ ያደረግኩት ነው ማለት ነበረብኝ። አልኩ እንዴ? አላልኩም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ለሆስፒታሉ ልጅ ቅቤውን ለመናገር የደፈርኩ ሴትዮ፣ ለእሷ ይህን መናገር አቃተኝ። ቅቤው ያለማወቅ ነበር፤ ይህ ግን ሌላ ነው።

ቆዳዋ ሽሮ አንድ ጊዜ እንደለጠፍኩላት አሚኑ ከማጂ መጣ። ከስቶ፣ ጫማው በጭቃ ተለስኖ። ዝምተኛ ሰው ነው። ለመጀመሪያ ልጇ ሴት እናቷ ቤት ነው የምትታረሰው፤ አጋሮ ሊወስዳት ነበር የመጣው። ስምንት ወር ሞልቷታል፣ ከዚህ በላይ ቢዘገይ መንገዱ አይሆናትም። ሆስፒታል ይዟት ሲሄድ ኢሳይያስ መንገድ ላይ እየወረደች እንድትንቀሳቀስ መከራቸው፤ እዚያም በቅርብ ባለው ሆስፒታል እንድትወልድ አደራ ብሎ አዲስ ጥቅል ሰጣቸው። የሚለጥፍላት ሰው ግን አብሯት መኖር አለበት አለ።

ነገ ማለዳ ሊሳፈሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። ሁስና ለአሚኑ እንዳሳየው ለመነችኝ። የወንድ እጅ ለዚህ አይሆንም አልኳት፤ ይህ የሴት ሥራ ነው፣ እኔ ለጥፌላት ትሂድ፣ እዚያ ስትደርስ እናቷ ታውቅበታለች። ከየት ታውቅበታለች? አፌ ያመጣውን ነው የተናገርኩት። አሚኑ ወጥቶ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ፣ አድርቆ መጣና ፊቴ ቆመ።

«ያሳዩኝ እማማ» አለኝ። «በመንገድ ቢያማት ከእኔ ሌላ ማን አላት?»

እኔ አለኋት ልለው ነበር። ዋጥ አደረግኩት።

አሳየሁት። ጎንበስ የምትልበትን፣ ከየት እንደሚጀመር፣ ማዕዘኑ እንዴት እንደሚቆረጥ። መቀሱን እንደ ማጭድ ነው የያዘው። ቡና ሲያነሳ የኖረ እጅ ነው፣ ሻካራ፤ ግን ወገቧ ላይ ሲያርፍ ይጠነቀቃል። የመጀመሪያውን ፕላስተር ለጠፈ፤ መሀሉን ልክ አድርጎ ያዘው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ስቦ አሳረፈው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም።

አየሁ። ቦንጋ ሳይደርሱ ጫፉ እንደሚነሳ አወቅኩ። ጅማ ሲገቡ ልብሷ ላይ ተጠቅልሎ ይገኛል። ያኔ ሁስና ምን ትላለች? የእማማ እጅ ሌላ ነው ትላለች። ይደውሉልኛል። ምናልባት እማማ ብትመጣልን ይላሉ። ምናልባት ከወለደች በኋላ ቶሎ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና «ጎሽ፣ ደህና ነው» ብዬው ወጣሁ።

ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። አመመሽ ወይ ይላታል። አላመመኝም ትለዋለች። ዕቃ ይሸክፋሉ። ከሚዛን አጋሮ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነው፤ አውቶቡስ ወንበር ላይ፣ በዚያ ጎርባጣ፣ በዚያ ዳሌ። አሥሩን ቀን አይቻታለሁ፤ ከበርጩማ ለመነሳት ሁለቴ ስትሞክር ያየኋት እኔ ነኝ፣ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ላደርግባት ነው። ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል አልኩ ለራሴ፣ ድምፄን አውጥቼ።

ተነስቼ ተመለስኩ። ሳላንኳኳ ነው የገባሁት፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«አንሳው» አልኩት አሚኑን። «ዘይት አርገህ ቀስ ብለህ አንሳው። ጫፉን ስበኸዋል፣ ጫፉ አይሳብም። ቅድም አይቼ ዝም አልኩህ።»

ለምን ዝም አልሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ሁስና ግን ቀና ብላ አየችኝ፣ ረጅም አየችኝ። እኔም ዓይኔን ሰበርኩ። አሚኑ በዘይት አርሶ ቀስ እያለ አነሳ፣ ወገቧን በሳሙና አጥቤ አደረቅኩ፣ ቅባቱ እስኪለቅ ደገምኩት፣ ትንሽም አሳረፍናት። ከዚያ እጁን ያዝኩት። አውራ ጣቱን ስርጉዶቹ ላይ አስቀመጥኩለት፣ መዳፌን በመዳፉ ላይ ጭኜ አብረን ወደ ላይ ወጣን፣ ጫፉ ላይ ስንደርስ እጄን አነሳሁ። እሱ ብቻውን አሳረፈው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳልነካው ለጠፈ። ጥሩ አድርጎ ነው የለጠፈው፤ ከእኔ የተሻለ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሁስና አንገቴን አቅፋ ቆየች። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለሽ አትቀመጪ፣ ትራሱን ከጀርባሽ አድርጊ ብቻ አልኩ። አውቶቡሱ ወጣ። እኔም የሰፈሬን ዳገት ይዤ ተመለስኩና በሬን ከፍቼ ገባሁ።

በሳምንቱ ደወለችልኝ። ደህና ገብተዋል፣ እናቷ ደህና ናት፣ ሆዷም ደህና ነው። ፕላስተሩስ አልኳት፣ የት ላይ ተላቀቀብሽ? «አልተላቀቀም እኮ እማማ» አለችኝ። «ጫፉ እንኳን አልተነሳም። ነገ አሚኑ ሌላ ይለጥፍልኛል።» ጎሽ በይው አልኳት። ከዚያ አሚኑ ጠራትና ስልኩ ተዘጋ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቢላቀቅባት ኖሮ ትፈልገኝ ነበር እያልኩ አለቀስኩ፤ ስላልተላቀቀባት ደግሞ እግዜርን አመሰገንኩ፤ ሁለቱንም በአንድ አፍ።